ሥነ ሕይወትን ከቡና ፍሬ መጀመር

ሥነ ሕይወት ለጀማሪ ተማሪ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ትላልቅ ክፍሎች ተከፍሎ ነው፤ በቅድሚያ የሕይወት ትንሹ አሃድ የሆነው ሕዋስ፣ ቀጥሎ ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን መንገድ የሚመረምረው የዘር ውርስ፣ በመጨረሻም ሕያዋን ፍጥረታት በዘመናት ውስጥ እንዴት እየተለወጡ እንደመጡ የሚያስረዳው ዝግመተ ለውጥ። ይህ አከፋፈል ለመጽሐፍ አዘጋጁም ሆነ ለመምህሩ የሚመች ቢሆንም፣ ተማሪው ሦስቱን እንደማይገናኙ ትምህርቶች እንዲቆጥራቸው፣ ስለ ሕዋስ የሸመደደውንም ስም ሁሉ ፈተናው ባለፈ ማግስት እንዲረሳው ያደርጋል። ትልቁ ጉዳት ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱ ክፍሎች አንዱን ነገር አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ ሆኖ ከመመልከት የተለዩ አይደሉም። ይህን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በዱር የሚበቅለውና ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኮፊያ አራቢካ ብሎ የሰየመው ቡና፣ አውሮፓውያን በመጀመሪያ ያወቁት በዓረብ ምድር በኩል በመሆኑ ስሙ የዓረብ ቢሆንም፣ ከሕዋስ እስከ ዝግመተ ለውጥ ያለውን ታሪክ በአንድ ፍሬ አሟልቶ የያዘ ተክል ነው።

ጥሬ ቡና በጥርስ ቢነከስ እንደ ስንዴ በቀላሉ አይደቅም፤ የጥንካሬው ምክንያትም የሚገኘው በሕዋሶቹ ግድግዳ ላይ ነው። ስንዴ ለፅንሱ የሚያስቀምጠው ስንቅ በአብዛኛው በሕዋሶቹ ውስጥ የታጨቀ ስታርች ሲሆን፣ ቡና ግን የስንቁን ትልቅ ድርሻ የሚያከማቸው በሕዋሶቹ ግድግዳ ላይ ነው፤ በዚያም የስኳር ቅንጣቶች እርስ በርስ ተቀጣጥለው ወፍራም ንብርብር ይሠራሉ። ዘሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ያረፈ እንደሆነ፣ በፍሬው አንድ ጫፍ የተሸሸገውና ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው ፅንስ ያን ግድግዳ በኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን፣ እያሟሟ ይመገበዋል። ዘሩ ወደ ብረት ምጣድ የገባ እንደሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ቡና ሲቆላ የሚሰማው የመንጣጣት ድምፅ ይህ ግፊት የሕዋሶቹን ግድግዳ ሲሰነጥቀው የሚወጣ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ መሆኑን የገለጸ ሲሆን፣ እሱም ያየው የሞቱ ሕዋሶችን ግድግዳ ብቻ ነበር።

በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ያለው ግን ከግድግዳው እጅግ የበለጠ ነው። የቡና ቅጠል ሕዋስ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁ አረንጓዴ አካላትን ይዟል፤ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ እነዚህ የሉም። በሁለቱም ውስጥ ግን ኒውክለስ የተባለ ማዕከል አለ፤ በኒውክለሱም ውስጥ ዲኤንኤ የተባለው እጅግ ረጅምና ቀጭን ሞለኪውል ክሮሞዞም በሚባሉ አካላት ተጠቅልሎ ይገኛል። ዲኤንኤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ መመሪያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስችለው ክፍል ጂን ይባላል። ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የሥሩ ሕዋስ የሥር መመሪያ ብቻ፣ የቅጠሉም የቅጠል መመሪያ ብቻ የያዙ አይደሉም፤ ሁለቱም ሙሉውን መመሪያ የያዙ ሲሆን ልዩነታቸው ከመመሪያው ውስጥ የሚነበበው ክፍል ላይ ነው።

ክሮሞዞሞችን መቁጠር አሰልቺ ሥራ ቢመስልም የቡናን የትውልድ ሐረግ የገለጠው ግን ይኸው ቆጠራ ነው። ሮቡስታን ጨምሮ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች በእያንዳንዱ የአካል ሕዋስ ውስጥ 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አራቢካ 44 አለው። ይህ እጥፍ ቁጥር አራቢካ የሁለት ዝርያዎች ድምር መሆኑን ያመለከተ ሲሆን፣ የዲኤንኤ ምርመራም አንደኛው ወላጅ ሮቡስታ፣ ሌላኛው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ስፍራዎች የሚበቅለው ኮፊያ ዩጂኒኦይደስ የተባለ ዝርያ መሆኑን አረጋግጧል።

ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው መውለዳቸው በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፈረስና አህያ በቅሎን ይወልዳሉ። በቅሎ ግን መካን ናት፤ የመካንነቷም ምክንያት ከክሮሞዞም ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እያንዳንዳቸው የዚህን ግማሽ ለልጃቸው ስለሚሰጡ በቅሎ 63 ይደርሳታል። ማንኛውም እንስሳ ወይም ተክል የዘር ሕዋስ በሚያዘጋጅበት ጊዜ ከእናት የመጣው ክሮሞዞም ከአባት የመጣውን አምሳያውን ፈልጎ ይጣመራል፣ ከዚያም ጥንዶቹ ተለያይተው ወደ ሁለት ሕዋሶች ይከፋፈላሉ፤ በበቅሎ ውስጥ ይህ ጥምረት በወጉ ስለማይሳካ ክፍፍሉም ይበላሻል። ከሮቡስታ 11፣ ከዩጂኒኦይደስ 11 ክሮሞዞም የወረሰው የቡና ድቅልም በዚያው ቢቀር ኖሮ ዕጣው ያው ይሆን ነበር። ነገር ግን ክሮሞዞሞቹ በሕዋስ ክፍፍል ስህተት ሳይለያዩ በአንድነት ቀሩና 22 የነበረው 44 ሆነ። ስህተቱ ለተክሉ መዳኛው ነበር፤ እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱ ትክክለኛ ቅጂ አምሳያ ሆኖ ስለቀረበለት ጥምረቱ ተሳካ፣ አበባው ፍሬ ያዘ፣ አዲስ ዝርያም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሰፊ የዲኤንኤ ጥናት ይህ ክስተት ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመታት በፊት እንደተከናወነ ይገምታል።

በአማርኛ ዝግመተ ለውጥ የሚለው ስያሜ ዝግታን በውስጡ ይዟል፤ ይህም ተማሪው የዝርያ መለወጥ ሁሉ ሳይታወቅ፣ እጅግ በቀስታ የሚካሄድ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። የአራቢካ ልደት እምነቱ በከፊል ብቻ ትክክል መሆኑን ያሳያል፤ የክሮሞዞም ቁጥር እጥፍ መሆን በጥቂት ትውልዶች፣ ምናልባትም በአንድ ትውልድ የሚፈጸም ነገር ነው። ስያሜው በእርግጥ የሚስማማው ለሌላው የቡና ባሕርይ፣ ለካፌይን ነው። ቡና ካፌይን የሚሠራባቸው ጂኖች የተገኙት ቀደም ሲል የነበሩ ጂኖች በተደጋጋሚ ተቀድተው፣ ቅጂዎቹም በሚውቴሽን፣ ማለትም በዲኤንኤ ፊደላት ላይ በሚደርስ ለውጥ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ሌላ ሥራ በመዞራቸው ነው። ሻይና ካካዎም ካፌይን ቢኖራቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የሮቡስታ ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ ቡና ይህን ችሎታ ከእነሱ ጋር ከሚጋራው ቅድመ አያት እንዳልወረሰው፣ በራሱ መንገድ እንደደረሰበት አሳይቷል። ካፌይን ቅጠል የሚበሉ ነፍሳትን ስለሚጎዳ ለተክሉ መከላከያው ነው።

ከመወለዱ በኋላ አራቢካን የገጠመው ችግር የልዩነት ማነስ ነበር። ሮቡስታ ከሌላ ዛፍ የመጣ የአበባ ብናኝ ካላገኘ ፍሬ የማይዝ ሲሆን፣ አራቢካ ግን ነጭና መልካም መዓዛ ባለው አበባው ውስጥ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚፀንስ ልጁ ወላጁን እጅግ ይመስላል። ሰው ደግሞ ይህን ጥበት አባሰው። ከየመን የወጣው ዘር ወደ ጃቫ ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት መናፈሻ ተወሰደ፤ ከዚያ የተራባ አንድ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ። በአሜሪካ አህጉር ከተስፋፋው ቡና ብዙው የእነዚህ በጣት የሚቆጠሩ ዛፎች ዘር ነው። በዘር እንዲህ የተቀራረበ ቡና በሞላባት በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 የቅጠሉን ጀርባ በብርቱካንማ ዱቄት የሚሸፍን የቅጠል ዋግ ታየ፤ ፈንገሱ አንዱን ዛፍ ማጥቃት ከቻለ ሌላውን የሚያግደው ነገር ስላልነበረ በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የደሴቲቱ የቡና ልማት ወድቆ ሻይ ተተካበት።

እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ፣ በባለሙያዎች አጠራር ሲቢዲ፣ መጨረሻው ሌላ ሆነ። ይህም ፈንገስ ነው፤ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ጥቁርና ስርጉድ ያለ ነጥብ አውጥቶ ፍሬውን ያረግፈዋል ወይም በቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ያደርቀዋል። ነገር ግን በሽታው በተስፋፋበት ጊዜ ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ደኖችና በገበሬው ማሳ ሲዘዋወሩ፣ ሌሎቹ ፍሬያቸውን ባረገፉበት ስፍራ ፍሬያቸው ጤነኛ ሆኖ የቆየ ዛፎችን አገኙ። ዛሬ በብዙ አርሶ አደሮች ጓሮ የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዓይነቶች ከኢሉባቦር በዚህ መንገድ ተመርጠው፣ በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተፈትነው የወጡ ናቸው፤ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረውም ምርጫው የተካሄደበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ስለሚያመለክት ነው።

የተፈጥሮ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ሰው ዛፉ በሽታው ሲመጣበት ራሱን ለወጠ፣ ተላመደ ብሎ ያስባል፤ ይህ ስህተት ነው። የተረፉት ዛፎች የሚቋቋሙበትን ጂን ይዘው የተገኙት በሽታው ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፤ ፈንገሱ ያደረገው በዛፎቹ መካከል የነበረውን ልዩነት መለየት ብቻ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው ሐሳብ ፍሬ ነገሩ ይኸው ሲሆን፣ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወረስ ግን በዘመኑ ግልጽ አልነበረም፤ ያን ጉድለት የሞላው ስለ ክሮሞዞምና ስለ ጂን በኋላ የተገኘው ዕውቀት ነው። ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ዘር በበቀሉ ዛፎች መካከል የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ካፌይን የሌለው ለማለት የሚቻል አራቢካ ማግኘታቸውም በደኑ ውስጥ ያለው ልዩነት በሽታን ከመቋቋም አልፎ የሚሄድ መሆኑን ያሳያል።

ይህን ልዩነት እንደ ስንዴ አድርቆ በብርድ ክፍል ማስቀመጥ አይቻልም፤ የቡና ዘር ድርቀትንና ቅዝቃዜን በአንድነት ስለማይችል የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ በጅማ ዞን በጮጬ የሚገኘው የቡና ዘር ባንክ ከጥላ ዛፍ ሥር በመደዳ የቆመ፣ በየጊዜው የሚታረምና የሚገረዝ የሕያው ቡና ማሳ ነው። በዚያ ያለው ዛፍ ከደኑ በመጣበት ጊዜ የነበረውን ጂን ይዞ ይቆያል፤ በካፋና በያዩ ደኖች ውስጥ ግን በየክረምቱ አዲስ ችግኝ ከአሮጌው ሥር ይበቅላል፣ ፈንገሱም እንዲሁ ይለወጣል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ምርጫም ሳይቋረጥ ይቀጥላል።