ግድግዳ የማያስፈልገው የመኪና ማደሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው መኪናውን የት እንደሚያሳድር ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት በር ያለው ክፍል ነው፤ አቅም ካነሰ ደግሞ ሸራ ማልበስ። ለደጋ ከተሞቻችን ግን በምሰሶ የቆመና ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ከሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ መኪና የሚጎዳ አይመስለንም። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀለም የሚያደበዝዘው፣ የዋይፐር ጎማ የሚያደርቀው በዋናነት ይህ ጨረር ነው፤ የአየሩ ቅዝቃዜ አይከላከለውም። ሙቀቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ውጭ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳለ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ 47 ዲግሪ ገደማ እንደሚደርስ፣ መስኮት ገርበብ ማድረግም እምብዛም እንደማይረዳ አሳይቷል። 22 ዲግሪ እኮ የአዲስ አበባ ተራ ቀን ነው።

ታዲያ ጥላ ከተፈለገ ለምን ዘግተን አንጨርሰውም? በክረምት ከዝናብ የገባ መኪና ውኃውን ይዞ ነው የሚገባው። ነፋስ በማያገኝ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ እዚያው ይቆይና ከሥር ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ ክፍት ጥላ ሥር ግን ቶሎ ይደርቃል። በተዘጋ ክፍል የነዳጅ ሞተር አስነስቶ ማሞቅ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቅ ይገድላል። ሸራውም ቢሆን አቧራው ሳይጠረግ ሲጎተት ቀለሙን ይቧጭራል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ባይኖረውም ባትሪው ሙቀት አይወድም፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ጥላ የሚፈልገው ባለኤሌክትሪክ በዝቷል።

ስለ ሌባ የሚነሳው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን አብዛኛው ግቢ አጥርና የብረት በር አለው፤ መኪናው የሚጠበቀው በዚያ ነው፣ ሁለተኛ ግድግዳ የሚጨምረው ከወጪው ያነሰ ነው። አጥር የሌለው ግን ክፍሉን ቢመርጥ አልከራከረውም። ከዚህ የሚከብደው የነፋስ ጥያቄ ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ከሥር ነፋስ ሲገባበት ወደ ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ ጉዳቱን የሚወስነው ከላይ ያለው ክብደት ሳይሆን ከታች ያለው አያያዝ ነው። ምሰሶው አፈር ውስጥ ተተክሎ ብቻ መቅረት የለበትም፤ በአርማታ መሠረት ላይ በብሎን ይታሰር። ገንዘብ የሚቆጠብ ከሆነ ከቀለሙና ከጌጡ ይቆጠብ፤ ከመሠረቱና ከቆርቆሮው ውፍረት አይቆጠብ። 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ እንደሚወፍር ልብ ይሏል።

በር ከፍቶ ለመውረድ ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 5.5 ሜትር ቢሆን ለአንድ አውቶሞቢል ይበቃል፤ ይህ 16.5 ካሬ ሜትር ጣሪያ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብባት ከተማ ከ16,000 ሊትር በላይ ውኃ ይወርድበታል። ተዳፋቱን ወደ ጎረቤት አጥር ያዞረ ሰው ይህን ሁሉ ጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ያፈሰዋል። ወደ ራሱ ግቢ አዙሮ አሸንዳ የገጠመለት ግን ሮቶ ይሞላበታል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለልብስና ለአትክልት፣ ለመኪናው እጥበትም ይሆናል።