ጾሙ ሲፈታ የማይፈታ ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመስከረም ወር በሆለታ ከተማ አንዲት እናት ከጉባኤ በኋላ ቀርበው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። የ15 ዓመት ልጃቸው ጾመ ፍልሰታን በትጋት ጾማ ነበር። ጾሙ ከተፈታ ሳምንታት ቢያልፉም ግን ወተት በማይታጣበት ቤት ወተት አትቀምስም፤ እንጀራውን ቆራርሳ ወደ ጎን ታደርግና «በልቻለሁ» ትላለች። ልብሷ ሰፍቷታል፣ ዘወትር ይበርዳታል፣ የወር አበባዋም ቀርቷል። «መንፈሳዊ ሆነችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ፈራሁ» አሉን።

ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጾም መጀመሪያም መፈቻም አለው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ጾመን በደስታ ወደ ማዕድ መመለስም ሥርዓት ነው። ማብቂያ የሌለው፣ የሚደበቅ፣ የሚያስዋሽና ከቤተሰብ ማዕድ የሚለይ ረኃብ ግን ጾም ሳይሆን የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ይህን ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ይቆጥሩታል። አንዳንዱ ወጣት ውፍረትን በመፍራት ራሱን ያስርባል፤ ሌላው ብዙ በልቶ በስውር ያስመልሳል። ምክንያቱ ሁልጊዜ መልክ አይደለም። በጋና በ668 ሴት ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሌላ በሽታ ሳይሆን ራሳቸውን በማስራብ ብቻ እጅግ የከሱ 10 ልጃገረዶችን አግኝቷል። ዐሥሩም ምግብ መተዋቸውን በበጎና በሃይማኖታዊ ዓይን ይመለከቱት ነበር። ስለዚህ ሕመሙ የጾምን ልብስ ለብሶ ሊመጣ እንደሚችል ልናውቅ ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ምን እናድርግ? አስቀድመን «ቅብጠት ነው» ወይም «ጋኔን ነው» ብለን አንፍረድ። ስለ ሰውነቷ ሳይሆን ስላየነው ለውጥ በጸጥታ እናነጋግራት። ማዕዱን የክርክር ቦታ ሳናደርግ በየሰዓቱ አብረናት እንቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ለንስሐ አባት እንንገር። የታመመ ሰው በጾም ሕግ አይገደድም። አባት «ብዪ» ካሏት፣ መታዘዟ የዚያን ጊዜ ጾሟ ነው። ጠበል ብትወስድም ሳትበላ እንዳትቆይ ለአባቶች አስቀድመን እናስረዳ።

ሦስተኛ፣ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት። ሆለታ ካለ ጤና ተቋም ተጀምሮ፣ ካስፈለገ በሪፈር በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ያለ ልክ ከመታ አንድ ቀን እንኳ አናዘግይ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ቢሰጠው ሊጎዳ ስለሚችል፣ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

ሐኪምን መሻት የእምነት ጉድለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ አስተምረዋል።

እኒያ እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ሄደዋል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ልጅቱ አንድ ቀን ትበላለች፣ አንድ ቀን ታለቅሳለች። ጌታችን የኢያኢሮስን የ12 ዓመት ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ ያዘዘውን እናስታውስ፦ የምትበላውን እንዲሰጧት ነበር (ማር. 5፥43)። ያስነሣት እርሱ ሲሆን፣ ማዕዱን ማቅረብን ግን ለቤተሰቧ ተወላቸው። ዛሬም ለእኛ የተወልን ይህንኑ ነው።