የላኪው ስም

የማስታወቂያ ኢሜይል በጅምላ የሚልክ ድርጅት «ላክ» የሚለውን ከተጫነ በኋላ ሪፖርት ይደርሰዋል፤ በአብዛኛው አድራሻ ትይዩ «ደርሷል» የሚል ይነበባል። ይህ ቃል ብዙዎችን ያዘናጋል። የሚያረጋግጠው የተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን መረከቡን ብቻ ነው። ከርክክቡ በኋላ ኢንቦክስ ይግባ፣ ከማስታወቂያዎች ጋር ይቀመጥ ወይስ ስፓም ውስጥ ይጣል የሚለውን ጂሜይል፣ ያሁና አውትሉክ በየራሳቸው ይወስናሉ፤ ውሳኔውንም ለላኪው አያሳውቁም። ሲወስኑ ከጽሑፉ ይዘት ባላነሰ የሚያዩት የላኪውን ያለፈ ታሪክ ነው።

ነገሩ ወደዚህ የመጣው ኢሜይል ሲፈጠር ላኪን የሚያጣራበት መንገድ ስላልነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመልእክት ማስተላለፊያ ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ካለ አምኖ ይቀበላል። ያልተጠየቀ ማስታወቂያ መላክ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ ሜይ 3 ቀን 1978 ጌሪ ተርክ የተባለ የኮምፒዩተር ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ላይ ለ400 ያህል ሰዎች የምርት ማስታወቂያ ልኮ ቁጣ አስነሥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስፓም ሲበዛ መከላከያው መጥፎ ላኪዎችን በአይፒ አድራሻቸው መዝግቦ ማገድ ሆነ፤ እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያዘጋጀው ስፓምሃውስ የተቋቋመውም በ1998 ነው። ላኪን መመዘን ምን ያህል እንደሚያዋጣ በኖቬምበር 2008 ታየ። በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ የነበረ ስፓም አሰራጮች የሚጠቀሙበት ማኮሎ የተባለ የሰርቨር አከራይ ከኢንተርኔት ሲቆረጥ የዓለም የስፓም መጠን ወዲያው ከግማሽ በላይ ወረደ።

አይፒ ግን ይከራያል፣ ይቀያየራል። ስለዚህ ምዘናው ወደ ዶሜይን ስም፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ከ@ ቀጥሎ ወዳለው ስም፣ አደላ፤ ለዚህም ስሙን የሚጠቀምበት እውነተኛ ባለቤቱ መሆኑን ማረጋገጥ የግድ ሆነ። በኮምፒዩተር ጂሜይል ውስጥ አንድ መልእክት ከፍታችሁ በሦስቱ ነጥቦች በኩል ጥሬ ቅጂውን ብታዩ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚሉ መስመሮች ታገኛላችሁ፤ ማለፍ መውደቃቸው አጠገባቸው ተጽፏል። ኤስፒኤፍ ባለ ዶሜይኑ «በስሜ እንዲልኩ የፈቀድኩላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ብሎ ያስመዘገበው ዝርዝር ነው። ዲኪም መልእክቱ በመንገድ እንዳልተለወጠ የሚመሰክር ዲጂታል ፊርማ ነው። ዲማርክ ሁለቱን ለአንባቢው ከሚታየው የላኪ አድራሻ ዶሜይን ጋር ያመሳክራል፤ አንዳቸውም ካልገጠሙ መልእክቱ ይለፍ፣ ስፓም ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውንም የባለቤቱን ፈቃድ ይናገራል። ሦስቱን ማለፍ ብቻውን ኢንቦክስ አያስገባም፤ አጭበርባሪም የራሱን ዶሜይን ገዝቶ በትክክል ሊፈርም ይችላል። ጥቅማቸው መልካሙም ክፉውም በማን ስም እንደሚመዘገብ ማሳወቃቸው ነው።

መዝገቡን የሚሞሉት ተቀባዮች ናቸው። መልስ መጻፋቸው ወይም መልእክቱን ከስፓም ውስጥ ፈልገው ማውጣታቸው ላኪውን ይጠቅመዋል፤ ሳያነቡ መሰረዛቸው ይጎዳዋል፤ ከሁሉም የሚብሰው «ስፓም ነው» ብለው ማመልከታቸው ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጎግል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩ ሁሉ የአቤቱታ መጠናቸው 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል፤ ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆንም ይመክራል። ከሺህ መልእክት ሦስት አቤቱታ ከወሰኑ ያደርሳል ማለት ነው። በደንቡ መሠረት ከዝርዝሩ መውጣት በአንድ ጠቅታ መሆን፣ ጥያቄውም በሁለት ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ለእኔ ከደንቡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የመውጫውን ሊንክ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደልና በፈዘዘ ቀለም የሚደብቁ ድርጅቶች ደንበኛ ያቆዩ ይመስላቸዋል። መውጫ ያጣ ሰው ግን የስፓሙን ቁልፍ ይጫናል፤ የዚያ ጠቅታ ጉዳትም ማስታወቂያውን በጉጉት ለሚጠብቁት ደንበኞች ይተርፋል።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከተገዛ የአድራሻ ዝርዝር ነው። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ለወጥመድነት የተዘጋጁ አድራሻዎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ሰው በማያያቸው የድረ ገጽ ጥግ ተቀምጠው አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራሞች ብቻ የሚያገኟቸው ናቸው። ሌሎቹ ድሮ የሰው ነበሩ፤ ባለቤታቸው ከተዋቸው በኋላ «እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም» የሚል ምላሽ ሲሰጡ ቆይተው ለወጥመድ እንደገና ተከፍተዋል። ምላሹ ሲደጋገምለት ዝርዝሩን ያላጸዳ ላኪ እዚያ ላይ ይያዛል።

በኢትዮጵያም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን ያስቀጣል። የእኛን ነጋዴዎች የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ታፔላና ቢዝነስ ካርድ ላይ ያለው የጂሜይል አድራሻ ነው። ለመጻጻፊያ ይበቃል። በጅምላ መላኪያ አገልግሎት በዚያ ስም መላክ ግን አያዋጣም፤ ዶሜይኑ የጎግል ስለሆነ ነጋዴው ሊፈርምበት አይችልም፤ መልእክቱ ዲማርክ ላይ ይወድቃል። የራስን ዶሜይን መግዛት ከማስታወቂያ ወጪ ሁሉ መቅደም አለበት። ተገዝቶም በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም አይላክበትም፤ ታሪክ የሌለው ስም በድንገት ለሺዎች ሲልክ እንደ አጭበርባሪ ይቆጠራል። በቅርቡ ዕቃ ከገዙ ጥቂት መቶ ደንበኞች ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

የተበላሸ ስም በዚሁ መንገድ ይጠገናል። ለወራት ምንም ያልከፈቱትን ከዝርዝሩ አውጥቶ ለሚያነቡት ብቻ መላክ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ዶሜይን ቀይሮ መሸሽ አያዋጣም፤ አዲሱም ስም ያለ ታሪክ ስለሚጀምር በጥርጣሬ ይታያል። ፖስትማስተር ቱልስ የተባለው የጎግል ነፃ አገልግሎት በብዛት ለሚልክ ባለ ዶሜይን የአቤቱታውን መጠን በየቀኑ ያሳየዋል፤ ጥገናው መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው እዚያ ነው።