ታላቅ ልጃገረድ ለታናናሾቿ፦ የወር አበባ፣ የረመዳን ጾምና የደም ማነስ



«አቻ ለአቻ» የሚባለውን የማስተማሪያ ዘዴ ብዙዎቻችን የምናውቀው በየትምህርት ቤቱ ከተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበባት ነው። ይኸው ዘዴ ለልጃገረዶች ጤናም ይሠራል። የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ለ10 እና ለ12 ዓመት ታናናሾቿ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ አመጋገብ ብታስረዳ፣ እናት አፍራ የተወችውን፣ መምህሩም ወንድ በመሆኑ የዘለለውን ትሞላለች።

ሐያእ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕውቀትን ሊከለክል ግን አልመጣም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው አንዲት ሴት ከሐይድ በኋላ ስላለው ትጥበት የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀች። መልሱ አልገባትምና ደግማ ስትጠይቅ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ዝርዝሩን አስረዷት። እናታችን ያኔ ገና ወጣት ነበሩ።

ዝም ማለት የሚያስከትለውን ጉዳት በረመዳን እናየዋለን። ሐይድ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፤ ያመለጣትን ጾም በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ይህን ያልተነገራት፣ ወይም ብታውቅም አባቷና ወንድሞቿ እንዳያውቁባት የፈራች ልጅ ግን ጿሚ መስላ ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች። ደም እየፈሰሳት፣ ውኃ ከሩቅ እየቀዳች! ታላቋ ልጅ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ጾሙን በኋላ ታወጫለሽ» ብትላት ትሰማታለች።

የደም ማነስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሰውነት በሚያድግበት ዕድሜ ላይ ወርኃዊው ደም ሲጨመር የብረት ማዕድን ፍላጎት ከፍ ይላል። በፍላቂትና በመቄት ደጋ የሚመረቱት ባቄላ፣ ምስርና አተር ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ የሚገባው መጠን ይጨምራል። ቡናና ሻይ በምግብ ላይ ሲጠጡ ደግሞ ይቀንሱታል። ወሎዬ ቡናውን ይተው ማለታችን አይደለም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ነው የምንለው። በዒድ ቀን ጉበትና ቀይ ሥጋ ሲቀርብ ለሴት ልጅም ይድረሳት።

ለንጽሕና የሚያገለግለው ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከአልጋ ሥር ተደብቆ እርጥቡን የሚቆይ ጨርቅ ለማሳከክና ለበሽታ ይዳርጋል።

ታላቋ ልጅ ይህን ሁሉ ብቻዋን ትሸከም ማለት አይደለም። ከፍላቂት በወረታ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሚገኘው ደቡብ ጎንደር ነው። በዚያ ኬር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 «ተስፋ» በተባለ ፕሮግራም በልጅነታቸው የተዳሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ ልጃገረዶችን በቡድን አደራጅቶ ነበር። እርስ በርስ ስለ ጤናና ስለ ቁጠባ ይማማሩ ነበር፤ የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎችና የጤና ሠራተኞች ያሉባቸው የአዋቂዎች ቡድኖችም አጠገባቸው ነበሩ። በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ደግሞ ልጃገረዶቹን የመሩት አዋቂ ሴቶች ነበሩ። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ቢጣመሩ ይሻላል፤ ልጅቱ ታስተምር፣ ከኋላዋ ግን የታመነች እናት ትኑር።

ምክንያቱም ከልጅ አቅም በላይ የሆነ ነገር ይመጣል። ደሟ ከ7 ቀን በላይ የሚፈሳት፣ የሚያዞራትና የምትወድቅ፣ ወይም «ሊድሩኝ ነው» ብላ የምታለቅስ ታናሽ ትኖራለች። ይህን ታላቋ ልጅ በምስጢር መያዝ የለባትም፤ ለእናቲቱ ትንገር፣ እናቲቱም ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ታገናኛት። ለመጀመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወላጆች ይፍቀዱ፣ ኡስታዙ ከመድረሳ ትምህርት በኋላ ለሴቶች ልጆች አንድ ክፍልና አንድ ሰዓት ይስጧቸው፣ እሳቸውም ወጣ ይበሉላቸው።