መስጊድ ሲዘጋ ወጪው አይዘጋም

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሚያዝያ 16 ረመዳን ሲገባ ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። ግንቦት 16 የዋለው ኢድም አዲስ አበባ ስታዲየም ሳይሞላ አለፈ። ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙዎቻችን ያልጠየቅነው ግን አንድ ነገር አለ፦ የመስጊዱ በር ሲዘጋ ኢማሙና ሙአዚኑ በምን ይኖራሉ?

ጥያቄው በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በሳዑዲ ዓረቢያና በቱርክ የኢማሞችን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. እዚያም መስጊዶች ለጀመዓ ሰላት ሲዘጉ ደመወዝ አልተቋረጠም። በእኛ አገር ግን አብዛኛው የሰፈር መስጊድ የሚተዳደረው በሰጋጁ ኪስ ነው። ጁምዓ ዕለት ከሰላት በኋላ ጨርቅ ይዘረጋል ወይም ሳጥን ይዞራል፤ ሁሉም ያለውን ጣል ያደርጋል። ሰው ካልመጣ ሳጥኑም ባዶ ነው።

ነገሩ እንዲገባን በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። አንድ መስጊድ ጁምዓ 500 ሰጋጅ አለው እንበል። እያንዳንዱ 10 ብር ቢሰጥ 5,000 ብር፣ በአራት ጁምዓ 20,000 ብር ይሆናል። ወጪው ደግሞ ለኢማም፣ ለሙአዚን፣ ለጥበቃና ለጽዳት 12,000፣ ለውሃ፣ ለመብራትና ለጥገና 4,000፣ ባጠቃላይ 16,000 ብር ነው። በየወሩ 4,000 ብር ይተርፋል፤ ደህና ነው። መስጊዱ ሲዘጋ ውሃና መብራቱ ወደ 1,000 ብር ሊወርድ ይችላል። ደመወዙ ግን ያው ነው። ስለዚህ ወጪው 13,000 ብር ሆኖ ሲቀር ገቢው ግን ዜሮ ይገባል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ገቢው ከሰው ጋር ይሄዳል፣ ወጪው ግን ቁጭ ይላል።

ታዲያ «ዘካው የት ሄዶ?» የሚል አይጠፋም። ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች በቁርአን ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ድሆችና ችግረኞች ይቀድማሉ። አብዛኞቹ ዑለማኦች መስጊድ ማሠራትና ማስተዳደር ከነዚህ ውስጥ አይገባም ይላሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የድሃው ቁጥር ይበዛል። ስለዚህ የመስጊድ ወጪ መሸፈን ያለበት በሰደቃና በወቅፍ ነው።

ወቅፍ ማለት ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ ለበጎ ሥራ የሚውል ንብረት ነው። ኡመር ኢብኑል ኸጣብ በኸይበር ያገኙትን መሬት በዚህ መልክ መስጠታቸው እንደ መነሻ ይጠቀሳል። በአገራችንም ሱቅና ቤት ለመስጊድ ወቅፍ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የሃይማኖት ተቋማት የሚያከራዩአቸውን ቤቶችም ነክቷል። ዛሬ ጥቂት ሱቅ ያለው መስጊድ እንኳን ሙሉ በሙሉ ሊተማመንባት አይገባም፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ተከራዩም ገበያ ያጣልና።

እንግዲህ ምን ይበጃል? አንደኛ፣ ወርሃዊ መዋጮ ነው። ባለፈው ምሳሌያችን ከ500 ሰጋጆች 130ዎቹ ብቻ በወር 100 ብር ቢያወጡ 13,000 ብር ይሆናል፤ በሩ ቢዘጋም የማንም ደመወዝ አይቀርም ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

ሁለተኛ፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው። በደህናው ጊዜ የሚተርፈው 4,000 ብር ምንጣፍ ለመቀየር ብቻ ከመዋል በከፊል ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ሙሉው ቢቀመጥ በ20 ወር 80,000 ብር ይሞላል፤ ይህም ለስድስት ወር መዘጋት ይበቃል። ወለድ የሚያሳስባቸው ኮሚቴዎች ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉላቸው።

ሦስተኛ፣ መስጫውን ማቅለል ነው። በ2012 ረመዳን ቴሌብር ገና አልነበረም፤ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ዛሬ ግን ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ መላክ ይችላል። ሒሳቡ ግን በመስጊዱ ስም እንጂ በአንድ ሰው ስም መሆን የለበትም። ገንዘብ ወጪ ሲሆንም ቢያንስ የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል።

አራተኛውና ዋናው፣ ግልጽነት ነው። ሳጥኑ ፊት ለፊት ሲዞር ሁሉም ያያል፤ በስልክ የተላከን ብር ግን ማንም አያይም። የገባውና የወጣው በየወሩ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ ሐሜት ይነሳል፣ ሐሜት ከተነሳ ደግሞ ሰጪው እጁን ይሰበስባል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም እዚህ ላይ ሥራ አለ። ስለ መስጊድም ሆነ ስለ ቤተ ክርስቲያን ስንዘግብ በዓሉ እንዴት እንደተከበረ ብቻ ሳይሆን ተቋሙ በምን እንደሚተዳደር መጠየቅ ብንለምድ መልካም ነው።

ኮሚቴዎች ይህን ሁሉ መጀመር ያለባቸው ሌላ ወረርሽኝ ከመጣ በኋላ አይደለም። ሰው ከሰላት ወጥቶ እጅ ለእጅ በሚጨባበጥበት በዛሬው ጁምዓ፣ መዝገብ አውጥቶ 130 ስም መጻፍ ይቻላል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ያንን መዝገብ ይዞ ቤት ለቤት መዞር አይቻልም።