ስለ «ኤ» እና «ኤን» አገባብ

ሽንፋ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ «በሬ ገዛሁ» ቢለን፣ አንድ ይሁን ሁለት ገና አላወቅንም፤ ቢያስፈልገን እንጠይቀዋለን እንጂ ቅር አይለንም። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይታገሥም። ገበሬው ከአፉ ሳያወጣው «ኤን ኦክስ» ወይም «ኦክስን» ብሎ መቍረጥ አለበት። እኛም «ገበሬ ነው» የሚለውን ልማዳችንን ይዘን «ሂ ኢዝ ፋርመር» እያልን ስለምንጽፍ ወረቀታችን በቀይ ቀለም ተዥጐርጕሮ ይመለሳል። መጻፍ የሚገባን «ሂ ኢዝ ኤ ፋርመር» ነበር።

«ኤ» እና «ኤን» የወጡት ጥንት «አንድ» ማለት ከነበረው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከብዙ ቍጥር ስም ጋር የማይገጥሙትም ስለዚሁ ነው። እኛ «አንድ»ን ደርበን «አንዳንድ» ብለን ለብዙ እናደርገዋለን፤ እንግሊዝኛ ይህ ብልኀት ስለሌለው «ሳም» ይላል፤ አለዚያም ስሙን ባዶውን ይተወዋል።

የማይቈጠረው ስም ደግሞ ሌላ ነው። ሰሊጥ በኵንታል ይለካል እንጂ አይቈጠርም፤ ስለዚህ «ኤ ኵንታል ኦፍ ሴሰሚ» እንጂ «ኤ ሴሰሚ» አይባልም። «ሪሰርች»፣ «አድቫይስ» እና «ኢንፎርሜሽን»ም እንደ ሰሊጡ ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፉን «ኤ ሪሰርች» ብሎ የጀመረ ጓደኛ «ኤ ስተዲ» ቢል ይድናል።

አንዳንድ ጊዜ በዚች ትንሽ ቃል ፍሬ ነገሩ ራሱ ይለወጣል። በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ዓሣ ይበሉ እንደ ነበር ገልጿል። ይህን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ «ዘይ ኤት ፊሽ» እንላለን። «ዘይ ኤት ኤ ፊሽ» ካልን ግን ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ዓሣ አበላነው! እንዲሁም «ፊው ስቱደንትስ ኬም» ማለት የመጣ ተማሪ የለም ለማለት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ «ኤ ፊው ስቱደንትስ ኬም» ግን ጥቂቶች መጡልን ማለት ነው። እዚህ ላይ «ኤ» ከብዙ ቍጥር ፊት መቆሟ ከ«ፊው» ጋር ተጣምራ ስለ ሆነ ነው።

በ«ኤ» እና በ«ኤን» መካከል ለመምረጥ ደግሞ ፊደላችን ይበቃናል። ቃሉን እንደሚነገረው በፊደላችን እንጻፈው። መነሻው ከ«አ» ቤት ከሆነ «ኤን»፣ ከሌላ ቤት ከሆነ «ኤ» ነው፦ ኤን አወር፣ ኤን ኦስትሪች፣ ኤን ኤም.ኤ. ዲግሪ፤ ኤ ቢ.ኤ. ዲግሪ፣ ኤ ዩኒቨርሲቲ። የላቲኑን ፊደል በዓይን ያየ ሰው «ኤን ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ይስታል፤ «ዩ» ግን ከ«የ» ቤት ናት። ይህን መጽሔት የሚያወጣው ማኅበራችንም እንግዲህ «ኤ ዩኒየን» ነው።