የእሁዱ ቁርጥ፣ የሰኞው ሕመም፦ ማን ይጠየቃል?

እሁድ ረፋድ ላይ ነው እንበል። ቃሊቲን፣ አቃቂንና ገላንን አልፈው ዱከም ደርሰዋል። ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ግራና ቀኝ ሥጋ ቤቶቹ ተደርድረዋል፤ ሻኛው፣ ሽንጡና ጎድኑ በየሜንጦው ተንጠልጥሏል። ባለቤትዎ ከቆራጩ ፊት ቆመው “ከዚህ ጋ ጨመር አድርግበት” እያሉ ያስመዝናሉ። አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ሰናፍጩ ቀርቧል። የአምስት ዓመቷ ልጅዎ ጥሬ ሥጋ አትበላምና ለእሷ ጥብስ ታዝዞላታል፤ ከታላላቆቿ ክትፎ ጋር ከመጣው አይብም ቀምሳለች። ሁሉም ጠግቦ፣ ተሳስቆ፣ ወደ ቤት ተመለሰ።

ሰኞ ሌሊት ግን ልጅቱ ማስመለስ ጀመረች። ማክሰኞ ተቅማጡና ትኩሳቱ ተከተለ። ረቡዕ ጠዋት አብሯችሁ የነበረው የወንድምዎ ልጅም እንደዚያው ሆኗል የሚል ስልክ ተደወለ። አያት “ዓይን ነው” አሉ፤ ጎረቤት “የመንገድ ንፋስ መትቷት ነው” አለች፤ እርስዎ ፋርማሲ ሄደው ፀረ ተሕዋስያን ክኒን ገዝተው መጡ። ልጆቹ ዳኑ፣ ነገሩም ተረሳ።

ይህ ምሳሌ ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ቤት ታሪክ አይደለም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለ ሳምንት አሳልፈን የማናውቅ? ደግሞስ ስንቶቻችን ነን “ለዚህ የሚጠየቅ ሰው አለ ወይ?” ብለን የጠየቅን?

ሕጉ ምን ይላል?

መልሱ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2085፣ ትርፍ ለማግኘት ዕቃ እየሠራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ልብ ይበሉ፤ ሕጉ ይህን ኃላፊነት ያስቀመጠው ጥፋት ባይኖርም ተጠያቂነት በሚመጣበት ክፍል ውስጥ ነው። አምራቹ “እኔ የምችለውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌያለሁ” ወይም “ምክንያቱ አልታወቀም” በማለት ብቻ አያመልጥም። የሚያመልጥበት በር ግን አለው፦ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ኃላፊነት የለበትም። የሸተተ ወተት፣ ያበጠ ቆርቆሮ ወይም የሻገተ ዳቦ እያዩ ቢመገቡ ክስዎ ይዳከማል ማለት ነው። ሳልሞኔላ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም።

ሥጋ ቤቱስ? ሥጋ የሚቆርጥ ሰው “ዕቃ የሚሠራ አምራች” ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጠበቆች ሊከራከሩበት የሚችሉት ጉዳይ ነው። ዕድሉ ግን በዚህ አያበቃም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል ይላል፤ በአንቀጽ 2035 ደግሞ በሕግ ወይም በደንብ በግልጽ የተደነገገን ነገር መጣስ ራሱ ጥፋት መሆኑን ያስቀምጣል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የሥጋ ምርመራን በሕግ ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መመርመር ሲገባው ሳይመረመር፣ በጓሮ የታረደ ሥጋ የሸጠ ሰው “ሕጉን አላወቅሁም ነበር” ቢል ሰሚ የለውም።

ሦስተኛው መሣሪያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። በገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ምክንያት የተጎዳ ሸማች፣ በአቅርቦቱ ከተሳተፉት ሁሉ፣ ከአምራቹም፣ ከአስመጪውም፣ ከጅምላ ሻጩም፣ ከቸርቻሪውም በአንድነት ወይም በተናጠል ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። “እኔ የሸጥኩት የታሸገውን ነው፣ ፋብሪካውን ጠይቅ” የሚለው የሱቅ መልስ በዚህ ሕግ ፊት አይጸናም። አራተኛው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ማምረትንና መሸጥን ይከለክላል፣ ችግር የተገኘበትን ምርት ከገበያ መሰብሰብንም ግዴታ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ለጤና ጎጂ የሆነ ምግብ ማምረት፣ ባዕድ ነገር መቀላቀልና መሸጥ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ታዲያ ክሱ የት አለ?

ሕጉ ይህን ያህል ጥርስ ካለው ሰዎች ለምን አይከሱም? ምክንያቱ አንድ ቃል ነው፦ ማስረጃ። ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱንና ጉዳቱ ከማን እንደመጣ ማስረዳት አለበት። የምግብ ሕመም ደግሞ ዱካውን የሚያጠፋ ሌባ ነው።

አብዛኞቻችን ስንታመም የምንወቅሰው መጨረሻ የበላነውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን እንሳሳታለን። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው የኢ. ኮላይ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ይገለጣል። ሊስቴሪያ እስከ ሁለት ወር ከዚያም በላይ ሊያደፍጥ ይችላል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ራሱን የሚያሳየው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ሥጋውን የት እንደበሉት ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ሰኞ የታመመው ልጅ ጥፋተኛ የእሁዱ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ የቅዳሜው ወተት ወይም የዓርቡ ሰላጣም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ እኛው ማስረጃውን እናጠፋለን። ትራፊውን እንጥላለን፣ ደረሰኝ አንቀበልም፣ ሰገራ ሳናስመረምር ፀረ ተሕዋስያን እንወስዳለን። መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ ላቦራቶሪው ጀርሙን ላያገኘው ይችላል።

የሶዌቶው ማቀዝቀዣ

የትራፊ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከደቡብ አፍሪካ እንማር። በጎርጎርዮሳዊው 2017 በአገሪቱ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ተነሣ። አራስ ሕፃናት ይሞታሉ፣ ነፍሰ ጡሮች ያስወርዳቸዋል፤ ምንጩ ግን ለወራት አልታወቀም ነበር። በጥር 2018 ሶዌቶ ካለ አንድ የሕፃናት ማቆያ የመጡ ልጆች በተቅማጥና በትኩሳት ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ ጠረጠሩ፣ ባለሙያዎች ወደ ማቆያው ሄዱ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፤ ውስጡ ፖሎኒ የሚባለው ተቆራርጦ የሚበላ የሥጋ ውጤት ነበር። ምርመራው ወደ አንድ ፋብሪካ አመራ። ወረርሽኙ ሲያበቃ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ከ1,000 በላይ፣ የሞቱት ከ200 በላይ ነበሩ።

ተጎጂዎቹ ተሰባስበው የፋብሪካውን ባለቤት ታይገር ብራንድስን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2018 የጋራ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። ጉዳዩ ግን ተጓተተ፤ ለተወሰኑ ተጎጂዎች የካሳ ሐሳብ የቀረበው በ2025 ነው። ፍትሕ ቢመጣም በኤሊ እግር መጣ። በአሜሪካ ደግሞ ሳልሞኔላ እንዳለበት እያወቀ የኦቾሎኒ ምርት ወደ ገበያ የላከ ኩባንያ ኃላፊ፣ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው ዘጠኝ በሞቱበት ወረርሽኝ ምክንያት በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

በጋራ መክሰስ በእኛም ሕግ እንግዳ ነገር አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች በፍርድ ቤት ፈቃድ በወኪል አማካይነት እንዲከሱ ይፈቅዳል። በአንድ ሠርግ ወይም በአንድ ትምህርት ቤት የታመሙ ቤተሰቦች በየግላቸው ጠበቃ ለመያዝ አቅም ቢያጡ እንኳ ተባብረው መቆም ይችላሉ።

ከሰበታና ከሱሉልታ የሚመጣው ወተት

የተጠያቂነት ነገር እንዴት እንደሚወሳሰብ የሚያሳየን ጉዳይ ከደጃችን አለ። ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ እንደ ሰበታ፣ ሱሉልታና ቢሾፍቱ ካሉ የወተት ቦታዎች 110 የወተት ናሙና ወስደው መርምረው ነበር። በጎርጎርዮሳዊው 2016 የታተመው ውጤት አስደንጋጭ ነው፦ በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል። ከአሥሩ ዘጠኙ ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን በላይ ነበሩ፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ ከዚያ በአሥር እጥፍ ላላ የሚለውን የአሜሪካ ወሰን እንኳ አልፈዋል።

መርዙ ከላሟ አልመጣም። ከመኖዋ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ነው የመጣው። ላሟ የሻገተ መኖ ትበላለች፣ መርዙ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። ጀርም በማፍላት ይሞታል፤ ይህ መርዝ ግን ወተቱ ቢፈላም አይጠፋም። አፍላቶክሲን አንድ ቀን ቀምሰውት የሚያስመልስ ሳይሆን ለዓመታት ተጠራቅሞ ጉበትን የሚጎዳ፣ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር ነው።

እንግዲህ ማን ይጠየቅ? ፋጉሎውን እርጥበት ባለበት ያከማቸው ዘይት ጨማቂ? ርካሽ መኖ የገዛው ገበሬ? ሰብሳቢው? አሽጎ የሸጠው ፋብሪካ? በመርህ ደረጃ የሸማቾች አዋጁ ሁሉንም በአንድ ገመድ ያስራል። በተግባር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የታመመ ጉበት የየትኛው ብርጭቆ ወተት ውጤት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው የለም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉዳት ካሳ ሳይሆን ቁጥጥር ነው መድኃኒቱ፤ መኖው ሳይሻግት፣ ወተቱ ሳይታሸግ መመርመር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የእርስዎስ ድርሻ?

ፍርድ ቤት የእርስዎንም ጥፋት ያያል። ተጎጂው ለጉዳቱ በከፊል ምክንያት ከሆነ የካሳው መጠን ይቀንሳል። “ጥሬ የበላው በፈቃዱ ነው” የሚል ክርክር እንደሚነሣ አይጠራጠሩ። በሌላ አገር ይህ ያስኬድ ይሆናል። ዱከም ላይ ግን ሥጋው ጥሬውን እንዲበላ ተቆርጦ፣ ከአዋዜና ከቢላ ጋር በሳህን የቀረበ ነው፤ ሻጩ ራሱ ጥሬውን እንዲበሉት እየሸጠ፣ ጥሬ መብላት “ያልተለመደ አጠቃቀም ነው” ማለቱ ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም። እንዲያም ሆኖ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አለመስጠት የእኛ የቤተሰብ ኃላፊዎች ግዴታ ነው። ይህን ደግሞ ማንም አይክሰንም።

ቢደርስብዎ እነዚህን ያድርጉ

1. ከሁሉ በፊት ጤና ተቋም ይሂዱ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የማይበርድ ትኩሳት፣ የደረቀ አፍ ወይም የሽንት መቀነስ ካዩ አይዘግዩ። እስኪደርሱ ኦ.አር.ኤስ ያጠጡ።

2. ፀረ ተሕዋስያን ከመጀመርዎ በፊት የሰገራ ምርመራ ይጠይቁ፤ ውጤቱንና የሕክምና ወረቀቱን ሁሉ ያስቀምጡ።

3. የተረፈውን ምግብ አይጣሉ። በንጹሕ ፌስታል አሽገው፣ ቀንና ሰዓት ጽፈው፣ ማንም እንዳይነካው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩ። የታሸገ ከሆነ መያዣውን ከነመለያ ቁጥሩና ከነማብቂያ ቀኑ ይያዙ።

4. ደረሰኝ ሁልጊዜ ይቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ከዚያ ቤት መብላትዎን ማስረዳት ከባድ ነው። ጉድለት ያለበት ምርት ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ መጠየቅም ይችላሉ።

5. አብረውዎ የበሉትን ይጠይቁ። ከአንድ ምግብ የበሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች አንድ ዓይነት ሕመም ከታመሙ ጉዳዩ እንደ ወረርሽኝ መታየት ይጀምራል። ባለፉት ቀናት ማን ምን እንደበላ፣ መቼ እንደታመመ በወረቀት ያስፍሩ።

6. ያመልክቱ። ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይንገሩ፤ ለታሸጉ ምርቶች ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ ስልክ 8482 ይደውሉ። የእርስዎ አንድ ጥሪ የሌላ ሰፈር ልጅን ሊያድን ይችላል።

7. ጊዜውን አይርሱ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ጠበቃ በቶሎ ያማክሩ።

ይህን ሁሉ የምንለው ዱከምን ለማስጠላት አይደለም። ሥጋውን አስመርምሮ፣ ቢላውን አጥቦ፣ እጁን ታጥቦ የሚያቀርብ ነጋዴ በዚያ መንገድ ላይ አለ፤ ጠያቂ ደንበኛ የሚጎዳው እሱን ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ በርካሽ የሚፎካከረውን ግዴለሽ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ከሜንጦው ፊት ሲቆሙ ከሻኛው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ “ማኅተሙ የት አለ?” ሲከፍሉም ደረሰኙን ተቀብለው በቦርሳዎ ያኑሩት። ልጅዎ ሰኞ ደህና ካደረች ወረቀቱን መጣል ይችላሉ።